ያለ ብረት የገባው ጎማ

ስለ ቡርሀን አሟሟት ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር ይወራል። አንደኛው በወደቡ ቢሮ በጣልያንኛ ተጽፎ በአስተርጓሚ አፍ ለቤተ ሰቡ የተነበበው ነው፤ ሠራተኛው ቡርሀን በሥራ ሰዓት ሰክሮ ስለ ነበር ጀልባዋ ወደ ውሃ ስትወርድ ከተጎታቹ ጋሪ ኋላ ጎማውን የሚያግደውን ታኮ በጊዜው ሳያስገባ ቀረ፣ ጋሪውም ተጋድሞ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ይላል። ሁለተኛው ዓሣ በሚሸጥበት ዋርካ ሥር የሚነገረው ነው፤ ቡርሀን መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ የጠራው ሐይቁ ነው፤ የብረት ጀልባ በሰንሰለት እየጎተቱ ያችን ዳር ሲያርሷት ከርመው ሐይቁ ካሳውን ጠየቀ፣ ከሁሉ የዋሁን መርጦ ወሰደ ይላል። የመጀመሪያውን ያመነ የሟቹን ልጅ «የሰካራም ልጅ» ይላታል። ሁለተኛውን ያመነ በዚያ ዳር ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ዳውድ ሁለቱንም አንገቱን ደፍቶ ሰምቷል። ሁለቱም የእሱን ስም አያነሡም።

የዚያን የጥቅምት ማለዳ ዳውድ ከፈጅር ሰላት ሲመለስ እናቱ ሀጂራ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አገኛት። ጎማው ቡርሀን የሞተ ቀን ከጋሪው ወልቆ፣ ቁልቁል ተንከባልሎ ሐይቅ የገባው ነው። በስምንተኛው ቀን አጥማጆች በመረብ ጎትተው አወጡትና፣ ለመጣል ፈርተው፣ ለማስቀረትም አፍረው፣ እናቱ ደጃፍ ላይ አስደግፈውት ሄዱ። በረባሶ የሚሠራው ሰውየ ከቅዳሜ ገበያ ድረስ መጥቶ አራት ጥንድ ጫማ ይወጣዋል፣ በሊሬም አይደለም በጠገራ ብር እገዛሻለሁ ብሎ ቢለምናት፣ ሀጂራ በሩን አሳየችው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ምሰሶውን ተደግፎ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይኖራል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መደብ፣ አንድ ምድጃ፣ ጥጉ ላይ የተጠቀለለ መረብ፣ ከበላዩ የደረቀ ዓሣ የተንጠለጠለበት ገመድ። ከዚህ መካከል ያ ጥቁር ነገር አፉን ከፍቶ ሲቆም ቤቱ ላይ አንድ ሰው የተጨመረ ይመስላል። ሁሉም ዞሮት ያልፋል። ዶሮዋ እንኳ አንድ ቀን ውስጡ ልትተኛ ሞክራ፣ ምን እንዳየች እንጃ፣ ተንጫጭታ ወጣች። በተወለወለ ቁጥር ከሆዱ ጠብታ ውሃ ይወጣዋል። ከሐይቅ ከወጣ አርባ ቀን አልፎታል፤ ያ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማንም አልጠየቀም። ሀጂራ «ዛሬም አለው» ትልና ጨርቋን ትጨምቃለች።

ዳውድ ያንን ጎማ ከሁሉም በፊት ያውቀዋል። መርጦ ያመጣው እሱ ነው። ነሐሴ ላይ የወደቡን መካኒክ ወባ ይዞት ጎንደር ሲወሰድ፣ የጋሪው ሁለት ጎማዎችም አልቀው ክራቸው ሲታይ፣ የወደቡ ሹም ሲኞር ኡጎ ከጭነት መኪና የተራገፈ የአሮጌ ጎማ ክምር አሳየውና ልክ የሆኑትን ሁለት ምረጥ አለው። ዳውድ የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው። ታንኳ ሠሪ ደንገል ሲያስር የሚለካው የነዶውን ዙሪያ ነው፤ የሁለቱ ነዶዎች ጀርባ በገመድ እኩል ከሆነ ታንኳዋ አታዘምም። ያለቀውን ጎማም እንደዚያው ጀርባውን በገመድ ለካው፤ ከክምሩ ውስጥ በፀጉር ያህል የማይበልጡ የማያንሱ ሁለት አገኘ። ቸርኬ በሚሉት በመሽከርከሪያው ብረት ላይ ሲያገባቸው ደግሞ፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ሰው በመፈልቀቂያ ብረት እየታገለ፣ ጣቱን እየላጠ የሚያስገባው ነገር ያለ ብረት፣ በባዶ እጁ፣ ሸርተት ብሎ ገባለት። ቡርሀን ከአጠገቡ ሆኖ «የወንድሜ እጅ ቅቤ ነው!» ብሎ ሳቀ። ዳውድም ደስ አለው። ጀልባዋ መስከረም መግቢያ ላይ ወደ ውሃ ስትወርድ፣ ጋሪው ቁልቁለቱ ላይ ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ የግራው ጎማ እንደ ገባው ሸርተት ብሎ ወጣ።

አጥማጆቹ ጎማውን ባመጡት ማግሥት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ዳውድ ተንበርክኮ አፉን በስንዝር ለካው። ድፍን ሁለት ስንዝር ሆነ። ወደቡ ሄዶ ባዶውን ቸርኬ ለካ፤ ሁለት ስንዝር፣ ጣት ተኩል ሲጎድለው። ጎማን የሚይዘው አፉ ነው እንጂ ጀርባው አይደለም። ልል የታሰረ ነዶ ውሃ እንደሚጠጣ ከጡት ጋራ የተማረ ሰው፣ ልል የገባ ጎማ ደስ አሰኝቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸርተት የሚል ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠዋል፤ የበሩ መወርወሪያ ሲገባ፣ ጭልፋ ድስት ውስጥ ሲሰምጥ፣ ታንኳ ከደንገል መካከል ሲወጣ። የቡርሀን ሸሚዝ መጠጥ መጠጥ ይላል ተብሎ ሲጻፍ፣ የሸተተው ሞተሩን የወለወለበት ስፒርቶ እንደ ሆነ ዳውድ ያውቅ ነበር፤ ጨርቁን ነክሮ የሰጠው እሱ ነበረና። ግን አልሰከረም ካልሁ፣ ታዲያ በምን ሞተ ይሉኛል ብሎ ዝም አለ። ዝም እንዳለም ከረመ።

የቡርሀን ሚስት መሪማ ቂጣውን ቆርሳ በሰፌድ አቀረበች። ወንድሟ ኢስሀቅ ከይፋግ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ረጅም፣ ነገር ወዳድ፣ ሲበላ እንኳ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ቤቱ የሚሠራ እጅ ስለ ጎደለው እሱም ወደቡ ገባ። ዛሬ ጀልባዋ፣ የተቀጠቀጠ ጎኗ ተጠግኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ ትወርዳለች።

«ጋሸ ዳውድ» አለች መሪማ፣ ፊቱን ሳታይ። «ጀልባዋ ዛሬ ናት አሉ።»

«አዎ። ጎርጎራ ዱቄት ታደርሳለች።»

«ታኮውን የሚይዘውስ?»

ዳውድ የቂጣውን ጫፍ አገላበጠ። «ኢስሀቅ ይሆናል መሰለኝ።»

«መሰለኝ ይላል እንዴ!» አለ ኢስሀቅ። «ትናንት ስሜን ጽፈውታል። ቦታው ክፍት ነው፣ ሰው ጠፍቷል አሉኝ። ማን ይጠጋዋል? እኔ ግን የይፋግ ልጅ ነኝ፤ ሐይቁ አያውቀኝም፣ ቢጠራኝም ስሜን ይስታል።»

ሀጂራ ጨርቋን እንደያዘች ወደ ምሰሶው ዞረች። መሪማ ሰፌዱን አነሣች፤ ስታነሣው ከሥሩ የተጎዘጎዘው ሣር ሸርተት አለ፣ ዳውድም ብድግ አለ። ሲወጡ መሪማ እስከ ደጁ ተከተለቻቸው። ልጇ መዲና በወይራው ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ያንን ስም ካወጡላት ወዲህ ከአጥሩ አትወጣም። «እኔ ሌላ ሰው የለኝም፣ ጋሸ» አለች መሪማ። እሱ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ጀመረ።

መንገዱ በሐይቁ ዳር ነው። ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም፤ ከውስጡ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሳል ይሰማል፣ ሰውየው ግን አይታይም። ኢስሀቅ ያወራል። ስለ ይፋግ ገበያ፣ ስለ አንዲት ባል ስለ ፈታች ሴት፣ ስለ ጣልያን። «ይኸውልህ ጋሸ፣ ይህን ሰው አስተውለኸዋል? ለጋሪው ጫማ ያደርግለታል፣ ጫማው ሲያልቅ ይቀይርለታል። እኛን ግን በባዶ እግራችን ጋሪውን ግፉ ይለናል። እንግዲህ ከእኔና ከጋሪው የቱ ነው የእናቱ ልጅ?» ዳውድ በአፍንጫው ተነፈሰ። ቡርሀንም እንዲህ ነበር የሚያወራው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ትከሻው በኩል። አንድ ሁለት ጊዜ ዘወር ብሎ የሚያወራው ኢስሀቅ መሆኑን አረጋገጠ።

ወደቡ ከድንጋይ የተካበ መውረጃና አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ጀልባዋ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ትጠብቃለች፤ ጋሪው በቀኝ በኩል በጎማ፣ በግራ በኩል በግንድ ጉማጅ ቆሟል። ስድስት ሰዎች ገመድ እያስተካከሉ ነበር። ሲኞር ኡጎ ሰው አይመታም፣ አይሳደብም፣ ሰዓቱን ብቻ ያያል። ከአጠገቡ አስተርጓሚው ወልደ ሐዋርያት ቆሟል፤ የደሴት መሪጌታ ልጅ ነው፣ ዜማውን አቋርጦ ከአንድ ጣልያናዊ ሐኪም ጋራ ሁለት ዓመት ዞሮ ቋንቋውን የለመደ። አሁንም ሲያስብ ሳያውቀው ያንጎራጉራል። የቡርሀንን ወረቀት ለቤተ ሰቡ ያነበበው እሱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳውድን ሲያገኘው ዓይኑን ይሰብራል።

«ዳውድ፣ እንዴት አደርህ» አለ። «ጎማ ምረጥ ይልሃል። መካኒኩ ገና አልዳነም። ለግራው አንድ፣ ቀኝ ላይ እንዳለው ያለ። ኡጓሌ ይላል፣ እኩል ማለቱ ነው።»

ዳውድ ወደ ክምሩ ሄደ። የጎማዎቹ ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል፤ ቢኖርም ማንበብ አይችልም። እጁ አለው። አንድ በአንድ እያነሣ አፋቸውን በስንዝር ለካ። የዝናቡ ውሃ በየሆዳቸው ተጠራቅሞ እግሩ ላይ ይፈስሳል። ድፍን ሁለት ስንዝር የሆነ አገኘ፤ እንደ ቀኙ፣ እንደ ቤቱ ጎማ። እጁ ሲነካው ቀዘቀዘውና ወደ ጎን ወረወረው። ከሥር ከሥር ሲፈልግ ሁለት ስንዝር ጣት ተኩል ሲጎድለው የሆነ አገኘ፤ ብዙ ሳይቆይ የጎማውን ወንድም፣ ያንኑ ልክ፣ አገኘ። ሁለቱንም አወጣቸው። አንዱን ከዳሱ ግድግዳ አስደገፈ፣ ሌላውን አንከባልሎ ወደ ጋሪው ሄደ። እዚህ ላይ በልቡ ያሰበው ይህ ነበር፤ የግራውን ዝም ብየ በልኩ አድርጌ ልግጠም፤ ጋሪው ወደ ግራ ነው የሚያዘነብል፤ ግራው ከያዘ ቀኙ ምናልባት ይይዝ ይሆናል፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ልኩ የሆነው ጎማ ግን በዝምታ አይገባም። ኢስሀቅ በአንድ ብረት፣ ዳውድ በሌላው፣ ጉልበታቸውን አስደግፈው ተጫኑት። ገባ ሲሉት በወዲያ ይወጣል። የዳውድ ጣት ተልጦ ደማ። «ይህ ጎማ ነው ወይስ ሙሽራ?» አለ ኢስሀቅ ላቡን እየጠረገ። «ሽማግሌ እንላክበት ይሆን?» ገመድ የያዙት ሰዎች ሳቁ። በመጨረሻ ጥርቅ ብሎ ገባ፤ ድምፁ እንደ መዝጊያ ነበር፣ ዳውድም ያንን ድምፅ ሲሰማ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ደረሰ። ተራ በተራ እየነፉ አየር ሞሉት፤ ጉማጁን አወጡት። ጋሪው ወረደ። ወረደና ወደ ግራ ጠመም ብሎ ቆመ። አዲሱ ጎማ ጀርባው ከቀኙ አራት ጣት ያንሳል።

ሲኞር ኡጎ ዞሮ አየ፣ በበትሩ አንዱን ጎማ ነካ፣ ሌላውን ነካ። «ኖ። ኡጓሌ፣ ኡጓሌ።» ሰዓቱን አየና ለወልደ ሐዋርያት ረዘም አድርጎ ነገረው።

«አንካሳ አደረግኸው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ጀልባዋ ትገለበጣለች። ይህን አውጣና ያንኛውን የመሰለ አግባ። ያኛው ደህና ነው፣ ያን ቀን እንኳ አልወለቀም ይላል። እሱን አትንካው።»

ይህ ደግሞ እውነት ነበር። የቀኙ ጎማ ሁለት ወር ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆሟል፤ ላየው ሁሉ ከሁለቱ ታማኙ እሱ ነው። ዳውድ ወደ ጎን የወረወረውን ጎማ አየ። እሱን ቢያገባው ጋሪው ቀጥ ይላል፣ ሲኞር ኡጎ ሰዓቱን ኪሱ ይከታል፣ ሥራው ያለ ብረት በአንድ አፍታ ያልቃል። ኢስሀቅም ታኮውን ይዞ ከኋላ ይቆማል። ዳውድ የኢስሀቅን እጅ ይዞ ወደ ዳሱ ጥላ ወሰደው።

«ስማኝ፣ ዛሬ ገመዱን ያዝ። ታኮውን ለሌላ ሰው ተውለት።»

«ለማን?»

ዳውድ ወደ ገመዱ ዞረ። ስድስቱንም ያውቃቸዋል። አንዱ የአጎቱ ልጅ ነው፣ አንዱ በቡርሀን ለቅሶ ሰባት ቀን ውሃ የቀዳላቸው፣ አንዱ ባለፈው ወር ያገባ። ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዶ ተመለሰ፤ ስም መጥራት አቃተው።

«ምነው ጋሸ» አለ ኢስሀቅ፣ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ጀምሮ፤ «ሰክሮ የቆመ ሰው ነው እኮ የሚሞተው፣ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። እኔ አልጠጣም።» ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመጣሁ ጀምሮ ልጠይቅህ አፍራለሁ። እህቴን አልጠይቃትም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያን ቀን ቀምሶ ነበር?»

«አልቀመሰም።»

«ሸሚዙስ?»

«ስፒርቶ ነው። ሞተሩን ሲወለውል ነው። ጨርቁን ነክሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ኢስሀቅ እጁን ከእሱ አስለቀቀ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልተናገርህም? መዲና ከአጥር አትወጣም እኮ። እናትህ የሐይቁን ወሬ ይዘው የቀሩት ከስካሩ ይሻላል ብለው ነው። አንተ ታውቅ ነበር?» ኢስሀቅ መልስ አልጠበቀም። ሄዶ ታኮውን፣ ያንን የወይራ ሽብልቅ፣ ከመሬት አነሣና ከጋሪው ኋላ፣ ቡርሀን ቆሞበት በነበረው ድንጋይ ላይ ቆመ። ጀርባውን ለዳውድ ሰጥቶ ነበር። ከኋላው ሲታይ ትከሻው የቡርሀን አይደለም፣ ከቡርሀን ይሰፋል፤ ዳውድ ግን ለአንድ አፍታ የሚያየው የትኛውን እንደ ሆነ መለየት አቃተው።

«ዳውድ!» አለ ወልደ ሐዋርያት። «ይቸኩላል። ያንኛውን አምጣው።»

ዳውድ ወደ ዳሱ ግድግዳ ሄዶ ያስደገፈውን ሁለተኛ ጎማ፣ ልኩ የሆነውን፣ እያንከባለለ መጣ። በጋሪው ቀኝ በኩል ቆመ።

«የቀኙም ይውለቅ በለው።»

«እሱን አትንካው አለህ እኮ።»

«ይውለቅ በለው።»

ወልደ ሐዋርያት ቀረብ አለ። የተለኩትን ጎማዎች አየ፣ ታኮ የያዘውን ሰው አየ፣ የዳውድን የደማ ጣት አየ። የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ኑዛዜ ሊመጣ ሲል ያውቃል። ድምፁን አሳንሶ በጆሮው ተናገረው፦ «ስማኝ ወንድሜ። ይህ ሰው በዚያ በቡርሀን ወረቀት ፈርሟል፤ ወረቀትህ ሐሰት ነው ብትለው ለራሱ ሲል አንተን ያስርሃል። ቀኙ አርጅቷል፣ ተሰንጥቋል ብየ ልተርጉምለት። ጎማ ያረጃል፣ ማን ይጠይቅሃል? ሁለቱም ይቀየራሉ፣ ልጁም ይተርፋል፣ አንተም ማታ ከእናትህ ጋራ እራትህን ትበላለህ። ምን አጎደልሁብህ?»

ምንም አላጎደለበትም። ዳውድ ያንን ያውቃል። የቀረበለት ነገር የትም አይነካም፣ የትም አይቦጭርም፤ ሰው ሁሉ ይድናል፣ ሥራውም ይሄዳል። ቡርሀን ብቻ ሰክሮ ይቀራል። ዳውድ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ፤ መሪማ ይህን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆን፣ እናቱ ከዚያ በኋላ ጨርቋን ይዛ ወደ የትኛው ልጇ እንደምትዞር ለማየት ሞከረ፤ አልታየውም። ገመድ የያዙት ስድስቱ ወደ እነሱ ዞረው ነበር። ኢስሀቅ ታኮውን እንደያዘ ዘወር አለ። ሲኞር ኡጎ ሰዓቱን በእጁ ይዞ አንዱን ከአንዱ ያያል፣ አንድ ነገር እንዳለ ገብቶታል፣ ምን እንደ ሆነ ግን አልገባውም።

ዳውድ ከአስተርጓሚው ጆሮ ራቅ አለና፣ መውረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አላረጀም፣ ወልደ ሐዋርያት። ልኩ አይደለም። ነሐሴ ላይ ሁለቱንም የመረጥሁ እኔ ነኝ፤ ጀርባቸውን ለካሁ፣ አፋቸውን አልለካሁም። ወንድሜን መጠጥ አልገደለውም፣ ሐይቁም አልጠራውም። አንድ ቃል ሳትቀንስ ንገረው። ኢስሀቅ፣ አንተም ከዚያ ድንጋይ ላይ ውረድና ለእህትህ እንደ ሰማኸው ንገራት። ልኩ ይህ የያዝሁት ነው፤ እኔ የመረጥሁት ይውለቅ።»